በብዕር የተሞሉ ክፍት ቦታዎች

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ማታ

የማማክራት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ዛሬ ቤት ድረስ መጥታ፣ መብራት ስለጠፋ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ የሐይቁ ነፋስ እንዳይበትንብን ወረቀቱን በስኒ ተጭነን፣ ሁለተኛውን መጣጥፏን ስናርም ዋልን። በመሃል «ጋሼ፣ የእርስዎ የመመረቂያ ጽሑፍ በምን ነበር የተጻፈው?» አለችኝ፤ ገብቼ አመጣሁላት።

ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በታይፕ የመታሁት ነው። የጽሕፈት መኪናው የሒሳብ ምልክት ስላልነበረው፣ ኤፕሲሎንና ኢንተግራል በሚገቡበት ሁሉ ባዶ ቦታ እየተውኩ፣ ገጹ ሲያልቅ በጥቁር ቀለም እሞላ ነበር። አንደኛው ኢንተግራል የተውኩለት ቦታ ጠቦት ከላይኛው መስመር ጋር ተጋጭቷል። ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ሳቀች። ገጹን እንደገና መምታት ታክቶኝ እንዲሁ ነበር ያስረከብኩት።

የሒሳብ ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚያዘጋጀው የዶናልድ ክኑት ፕሮግራም፣ ቴክ፣ በ1978 ቢወጣም እኔ ዘንድ አልደረሰም ነበር፤ እሷ በቴክ ላይ ከተሠራው ላቴክ ውጭ አንዲት ቀመር ጽፋ አታውቅም። እኔ አንድ መጣጥፍ ሲያስፈልገኝ ለደራሲው ፖስታ ካርድ ልኬ ሳምንታት እጠብቅ ነበር፤ እሷ በ1991 በተጀመረው አርካይቭ በተባለው የመጣጥፎች የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ የሰሞኑን ሥራ እዚሁ ሐዋሳ ሆና ታነባለች። ፍርሃቷም የዚያኑ ያህል ከእኔ ይለያል፤ እኔ ጽሑፉን አጣሁ ብዬ ስጨነቅ፣ እሷ ቀደሙኝ ብላ ትጨነቃለች። ባለፈው ወር አንድ የማታውቀው ሰው ስድስት ወር የለፋችበትን ሌማ፣ ማለትም ለዋናው ቲዎረም መረማመጃ የሚሆን ንዑስ ውጤት፣ አውጥቶት አገኘችና ለሁለት ቀን ስልኳን ዘጋች።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ከመከላከሉ በፊት መጣጥፍ በጆርናል መታተም አለበት የሚለው ደንብ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1799 ለሄልምሽቴት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረበው አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ማንኛውም ቋሚ ቁጥር ያልሆነ ፖሊኖሚያል በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ውስጥ ሥር (ዜሮ የሚያደርገው ቁጥር) እንዳለው ማረጋገጥ። የቃል ፈተናውንም ትተውለታል። ማረጋገጫው ክፍተት ነበረበት፤ የሒሳብ ሊቁ ኦስትሮቭስኪ የደፈነው በ1920 ነው። የዛሬ ገምጋሚ ቢያገኘው ኖሮ ሳይመልሰው አይቀርም። የሒሳብ ሊቁ የጆን ናሽ የ1950 የዶክትሬት ጽሑፍም ሠላሳ ገጽ አይሞላም። በርካታ መጣጥፎችን አስሮ ማቅረብ አዲስ ነገር ነው እንዳልል ደግሞ ሩሲያዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኮቫሌቭስካያ ትከለክለኛለች፤ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሴት አላስተምርም ስላለ ከሒሳብ ሊቁ ቫየርሽትራስ በግል ተምራ፣ ሦስት ሥራዎች ለጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ልካ፣ በ1874 እዚያ ሳትገኝ ዶክትሬቷን አግኝታለች። ነገር ግን ሦስቱም በየራሳቸው የቆሙ ነበሩ እንጂ ከአንድ ሐሳብ የተቆራረሱ አልነበሩም።

ይህን የምጽፈው የቆራረስኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ተማሪዬ አንድ ረጅም ቲዎረም ይዛ ስትመጣ፣ ጊዜው እንዳያልፍባት ብዬ ለሁለት ክፈይው አልኳት። ዛሬ ስናርመው የመጀመሪያው መጣጥፍ ቀላሉን ጉዳይ፣ ሁለተኛው የቀረውን ይዞ፣ ሁለቱም «እዚያ እንዳሳየነው» እየተባባሉ ወደ ሌላው ያመለክታሉ፤ ማረጋገጫው ለምን እንደሚሠራ የሚያሳየው ገጽ ግን ከሁለቱም ወጥቷል። እሷ ቀድማ አይታው ኖሯል፤ አክብራኝ ዝም ብላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሙሉውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሌዳ ላይ እንድትጽፍልኝ ነግሬያታለሁ። ማርከር ከቤት ይዤ እሄዳለሁ፤ ክፍላችን ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ደረቅ ነው።