«ስትመጣ አንድ ሽጉጥ ያዝልኝ»

ከአገር ቤት ሲደወል፣ ከሰላምታው በኋላ፣ አጎት ወይም የአጎት ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነሳት ነገር አለች፦ «እዚያ ሽጉጥ እንደ ዳቦ በሱቅ ይሸጣል አሉ። ስትመጣ አንድ ያዝልኝ።» አይፈረድበትም። ምንሽርና ዲሞትፈር በፉከራ የሚወደሱበት፣ ጠመንጃ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍበት አገር ሰው ነው። ግን «አይሆንም» ብሎ ስልክ መዝጋት ሳይሆን ማስረዳት ይሻላል። አሜሪካ ሱቅ ገብቶ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ፎርም 4473 ይሞላል፤ ፎርሙም ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ፣ ለዚያ ሰው እየገዙ «አዎ» ማለት እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር ይዞ መውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው። ቦሌ ሲደርሱም የጦር መሣሪያ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይጠብቃል።

የአሜሪካኖቹ አመለካከት ራሱ በጣም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1959 የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ሲጠይቃቸው፣ ከ100 ሰው 60ው ሽጉጥ ከፖሊስና ከተፈቀደላቸው ሰዎች በቀር ለማንም ይከልከል ይል ነበር፤ በ2021 እንዲህ የሚሉት 19 ብቻ ሆኑ። ቤት ውስጥ መሣሪያ መኖሩ ደኅንነት ይጨምራል የሚሉት በ2000 ከመቶ 35 ነበሩ፣ በ2014 63 ደረሱ። ሕጉም ተከተለ። ዛሬ በ29 ግዛቶች፣ ቴክሳስና ጆርጂያ ጭምር፣ መሣሪያ መያዝ ያልተከለከለ አዋቂ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ በልብሱ ሥር ታጥቆ መሄድ ይችላል። በ2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን የኒውዮርክ ሕግ ሽሮ፣ ፈቃድ ለመስጠት «የተለየ ምክንያት አምጣ» ማለት አይቻልም አለ። ይህን የሰማ አዲስ መጤ ነገሩ ሁሉ የተፈታ ይመስለዋል።

ለግሪን ካርድ ባለቤት መግዛት ተፈቅዷል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ጥይት እንኳ መያዝ አይችልም። ከሱቅ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ሰው በአድራሻም ይመለሳል፦ ቤት ቀይሮ መታወቂያው ላይ ያላስለወጠ፣ አዲሱን አድራሻ የሚያሳይ ሌላ የመንግሥት ሰነድ ከሌለው አይሸጥለትም። የግሪን ካርዱ ቁጥርም ፎርሙ ላይ ይጻፋል። ሀበሻን የሚያስደነግጠው ግን ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚጠይቀው መስመር ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው፣ በጥብቅ በተከለከሉት ዕፆች ሰንጠረዥ ተመዝግቧል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየቃመ «አልጠቀምም» ብሎ የሚፈርም ሰው በፌዴራል ሰነድ ላይ እየዋሸ ነው። ማሪዋናም ግዛቱ ቢፈቅደውም ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ቨርጂኒያን ከዋሽንግተን ዲሲ ወደሚለየው ወደ ፖቶማክ ወንዝ። በቨርጂኒያ ሽጉጥ መኪና ውስጥ በተዘጋ የዳሽቦርድ ኪስ ማስቀመጥ ያለ ፈቃድም ሕጋዊ ነው። ከአርሊንግተን ተነስቶ የ14ኛውን ጎዳና ድልድይ መሻገር ጥቂት ደቂቃ ነው። ድልድዩን እንዳለፉ ያው ሽጉጥ፣ በዚያው ኪስ፣ ዲሲ ውስጥ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ይሆናል። የቨርጂኒያ ፈቃድ ቢኖርም አያድንም፤ ዲሲም ሜሪላንድም የሌላ ግዛት ፈቃድ አይቀበሉም። ቨርጂኒያ ፈቃዱን የሚሰጠው የካውንቲው ሰርኪውት ፍርድ ቤት ነው፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ 5 ዓመት ያገለግላል። ሜሪላንድ 16 ሰዓት ሥልጠና ትጠይቃለች፣ ዲሲ 18 ሰዓትና የሽጉጡን ምዝገባ። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ወንዝ እንኳ የለም፤ ኢስተርን አቬኑ የሚባለውን ጎዳና ወደ ዲሲ ሲሻገሩ ሕጉ ይለወጣል። ለተኩስ ልምምድ ሄዶ ቦርሳ ሥር የቀረች አንዲት ጥይት ዲሲ ውስጥ ታስከስሳለች።

በዲሲ በኩል አልፎ ሌላ ቦታ የሚሄድ ሰው የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ የሚጠብቀው፣ በተነሳበትም በሚደርስበትም ቦታ ሽጉጡን መያዙም መታጠቁም ሕጋዊ ከሆነ ነው። ሽጉጡ ካዝናው ወጥቶ፣ የጎረሰው ጥይት ተነቅሎ፣ ከጥይቱ ጋር ትራንክ (የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ) ውስጥ መቀመጥ አለበት። ትራንክ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሳጥን፤ የዳሽቦርድ ኪስ ቢቆለፍም አይቆጠርም። የታክሲ አገልግሎት ሰጪዎቹ ኡበርና ሊፍት ደግሞ ፈቃድ ቢኖርም ባይኖርም ሾፌር መሣሪያ እንዲይዝ አይፈቅዱም።

ለአሜሪካዊ ይህ የፍርድ ቤት ጣጣ ነው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። በመሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ መባል፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታሰሩ፣ ከአገር ሊያስባርር ይችላል፤ 20 ዓመት መኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ልጆች ከኋላ ወንበር እያዩ አባት በመንገድ ዳር እጁ ወደ ኋላ በካቴና ሲታሰር፣ መነሻው ወንጀል የመሥራት ሐሳብ ሳይሆን አንድ ድልድይ ነው። ጠበቃው «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ በገደብ ትለቀቃለህ» ሲል ብዙ ሰው ይገላገላል፤ ያ ቃል ግን ለኢሚግሬሽን እንደ ፍርድ ይቆጠራል። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት በግልጽ ጠይቁት።

ባልና ሚስት ተጣልተው 911 ሲደወል የሚመጣው ሽማግሌ ሳይሆን ፖሊስ ነው። ፍርድ ቤት ባልየው ለሚስቱ አስጊ ነው ብሎ የጥበቃ ትእዛዝ ካወጣ፣ ትእዛዙ እስኪያበቃ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው፤ ይህንን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 አጽንቶታል።

ዲቪ ደርሷችሁ የምትመጡ፣ ዜግነት እስክታገኙ ሽጉጥ ባትገዙ እመርጣለሁ። ገዝታችሁ ከታጠቃችሁ ግን፣ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ መስኮቱን ዝቅ፣ የውስጥ መብራቱን አብሩ፣ ሁለቱንም እጅ መሪው ላይ። ወረቀት ለማውጣት አትጎንበሱ። ፈቃድ እንዳላችሁና ሽጉጡ የት እንዳለ በአፍ ተናገሩ፣ እጃችሁንም ፖሊሱ አንቀሳቅሱ እስኪል ከመሪው አታንሱ።