ሁለት ጊዜ የተመለሰው «ቁጥር 2»

አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኮሚክ መደርደሪያውን የያዘችው ሠራተኛ አንድን መጽሐፍ «የጥረዛ ስሕተት አለበት» ብላ ለአከፋፋዩ ሁለት ጊዜ መለሰችው። አከፋፋዩም ሁለት ጊዜ ቀየረላት፤ የመጣው ግን ያው ነው። መጽሐፉ ደኅና እንደሆነ፣ የተሳሳተው ትእዛዙ እንደሆነ የገባት ሦስተኛውን ቅጂ ስትቀበል ነው።

መደርደሪያው ላይ «ዘ አንካኒ ኤክስ-ሜን ኦምኒበስ» ቁጥር 1 ነበረ፤ ኤክስ-ሜን ማርቭል የተባለው አሳታሚ የሚያወጣው የጀግኖች ቡድን ታሪክ ነው፣ ኦምኒበስ ደግሞ ብዙ ዕትሞችን በአንድ ላይ የጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ። አንድ አንባቢ እሱን ጨርሶ ቀጣዩን ጠየቀ። ሠራተኛዋ የግዢ ዝርዝሩ ላይ «ኤክስ-ሜን፣ ቁጥር 2» ብላ ፈለገችና ፊት የመጣላትን አዘዘች። የደረሰው «ኤፒክ ኮሌክሽን» ከሚባለው የሕትመት መስመር የሆነ ቁጥር 2 ነው። አንባቢው በማግስቱ ይዞት ተመለሰ፦ «ታሪኩ ተቆርጧል። ዎልቨሪን የለም፣ ስቶርም የለችም፣ ጂን ግሬይም ፊኒክስነቷ ቀርቶ ማርቭል ገርል ሆናለች። የሌላ መጽሐፍ ገጽ የገባበት ይመስለኛል።» እሷም ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና አመነችው። ያየው ነገር ትክክል ነበር፤ ምክንያቱን ነው ሁለቱም ያልያዙት።

በእጁ ያለው ኦምኒበስ የሚጀምረው በ1975 በወጣው «ጃይንት-ሳይዝ ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 ነው። ከዚያ የዋናውን ተከታታይ ከ94 እስከ 131 ያሉ ዕትሞች ይዞ ዓመታዊውን (በዓመት አንዴ የሚወጣውን ልዩ ዕትም) ቁጥር 3 ይጨምራል፤ ሲደመር 40 ዕትም። የኤፒኩ ቁጥር 2 ግን የያዘው ከ24 እስከ 45 ያሉትን፣ ማለትም ከ1966 እስከ 1968 የታተሙትን ነው። ያን ጊዜ ዎልቨሪንም ስቶርምም ገና አልተፈጠሩም። አንባቢው ወደፊት እሄዳለሁ ሲል ከአሥር ዓመት በላይ ወደኋላ ተወስዷል።

ሁለቱ ቁጥሮች መነሻቸው ይለያያል። ኤፒክ የሚቆጥረው ከ1963ቱ የመጀመሪያ ዕትም ሲሆን «አንካኒ» የሚለው ኦምኒበስ ደግሞ ከ1975ቱ አዲስ ቡድን ይነሣል። እዚህ ላይ ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ተከታታዩ በ1970 ቁጥር 66 ላይ አዲስ ታሪክ ማውጣት አቆመ፤ ከ67 እስከ 93 የታተሙት የቀድሞዎቹ ድጋሚ ሕትመቶች ናቸው። ስለዚህ ከ66 ቀጥሎ የሚነበበው ጃይንት-ሳይዝ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ 94። በመካከል ያሉትን 27 ቁጥሮች «ጎድለዋል» ብሎ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። «አንካኒ» የሚለው ቃልም ሽፋኑ ላይ ብቅ ያለው በቁጥር 114 ነው፤ የተከታታዩ ሕጋዊ ስም የሆነው በ142። በዚህ ምክንያት «አንካኒ» ተብሎ የተጠረዘ መጽሐፍ ውስጥ ዕትሞቹ በመብት ገጹ (የቅጂ መብቱ በሚጻፍበት ገጽ) ላይ ባዶውን «ኤክስ-ሜን» ተብለው ቢገኙ ስሕተት አይደለም።

የቤተ መጻሕፍቱ ችግር ግን በአንድ መጽሐፍ አላበቃም። ሠራተኛዋ ከዚህ በኋላ መደርደሪያውን በሙሉ ብትፈትሽ፣ ከጀርባቸው ቁጥር በቀር ምንም ሳይታይ የተደረደሩ ጥራዞች አገኘች። የኤፒክ መስመር በጀርባው ላይ የሚያትመው ቁጥር ጥራዙ በታሪኩ ሂደት የሚይዘውን ቦታ ነው እንጂ የወጣበትን ተራ አይደለም። አሳታሚው የፈለገውን ቁጥር አስቀድሞ ያወጣና ክፍተቱን ከዓመታት በኋላ ይሞላዋል። ከ4 ቀጥሎ 7 ቢመጣ የጠፋ መጽሐፍ አለ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ገና ያልታተመ ሊሆን ይችላልና። «ጠፍቷል» ተብሎ ለተበዳሪ ቅጣት የሚጻፈው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ቅጽ» የሚለው ቃል ነው። በኮሚክ ዓለም ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ተከታታዩ ስንተኛ ጊዜ ከቁጥር 1 እንደተጀመረ ይናገራል፤ ሌላው የተጠረዘው መጽሐፍ ስንተኛ እንደሆነ። «አቬንጀርስ፣ ቅጽ 3» ቢባል በ1998 እንደገና የተጀመረው ተከታታይ ሊሆን ይችላል፣ የሌላ ተከታታይ ሦስተኛ ጥራዝም ሊሆን ይችላል። የአቬንጀርስ ሒሳብ ይህን በደንብ ያሳያል፦ የመጀመሪያው ተከታታይ ከ1963 እስከ 1996 ድረስ 402 ዕትም፣ ሁለተኛው 13፣ ሦስተኛው 84። ሲደመር 499። በ2004 አሳታሚው ይህን ደምሮ ቀጣዩን ዕትም 85 ሳይሆን 500 አለው። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ ከ84 ቀጥሎ 500ን ሲያይ 415 ዕትሞች ጎደሉብኝ ብሎ ያዝናል። አንድም አልጎደለበትም።

መድኃኒቱ የጀርባውን ቁጥር መተውና መጽሐፉን ከፍቶ የመብት ገጹን ማንበብ ነው። ማርቭል እዚያ ላይ ጥራዙ የትኞቹን ዕትሞች እንደያዘ፣ ብዙ ጊዜም ተከታታዩ የጀመረበትን ዓመት በቅንፍ አድርጎ ይጽፋል፦ ኤክስ-ሜን (1963) ቁጥር ይህን እስከ ያን። የሌላው አሳታሚ የዲሲ ጥራዞችም ይዘታቸውን ያስቀምጣሉ። ሠራተኛዋ ለእያንዳንዱ ጥራዝ አንድ ካርድ አዘጋጀች፤ በካርዱ ላይ የሕትመት መስመሩ፣ የተከታታዩ ስም ከነጀመረበት ዓመት፣ የመጀመሪያው ዕትም ቁጥር፣ የመጨረሻው ዕትም ቁጥር፣ በመጨረሻም ከሌላ ተከታታይ የገቡ እንግዳ ዕትሞች ይሰፍራሉ። የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ሰው ይዘላታል፤ በኋላ የሚጸጸተውም በእሷ ነው። ካርዶቹን በመጀመሪያው ዕትም ቁጥር ከደረደሩ በኋላ የአንዱን መጨረሻ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር ማስተያየት ነው። በአንድ ከበለጠ ተያይዘዋል፤ ከዚያ በላይ ከራቀ ክፍተት አለ፤ እኩል ከሆነ ወይም ካነሰ ደግሞ ተደራርበዋል፣ ማለትም ያለውን ነገር እንደገና ሊገዙት ነው።

መደራረቡ በገንዘብ የሚጎዳው በታወቁ ታሪኮች ላይ ነው። «ዳርክ ፊኒክስ ሳጋ» ራሱን ችሎ በተጠረዘው መጽሐፍ ከ129 እስከ 137 ነው፤ ዘጠኝ ዕትም። የመጀመሪያው ኦምኒበስ 131 ላይ ስለሚቆም ሦስቱ እዚያው አሉ፣ ቀሪዎቹ ስድስቱ ሁለተኛው ውስጥ ናቸው። ያ አንባቢ መጽሐፉ የተቆረጠበት የመሰለውም ለዚህ ነው። ታሪኩ ከአንድ ሦስተኛው ላይ በእርግጥ ይቆማል፤ የቆመው ግን በአታሚው ስሕተት ሳይሆን በጥራዙ ውፍረት ነው። ኦምኒበስ ብዙ ጊዜ ከ800 ገጽ በላይ ነው፤ ከልክ በላይ ቢወፍር ጀርባው አይችለውም። መቁረጫውን ከታሪኩ መጨረሻ ጋር ቢያገጣጥሙት ደግ ነበር፤ ሁልጊዜ አይሆንላቸውም።

በአንድ ተከታታይ ይህን ያህል ከሆነ፣ አንድ ታሪክ ከአንዱ ቡድን ተከታታይ ወደ ሌላው ሲሻገር ደግሞ ካርዱ ብቻውን አይበቃም። በ1990 የጀመረው «ኤክስ-ቲንክሽን አጀንዳ» ዘጠኝ ክፍል ነው፤ ሦስት ተከታታዮች እየተፈራረቁ ይተርኩታል። ተራው አንካኒ 270፣ ኒው ሚውታንትስ 95፣ ኤክስ-ፋክተር 60፤ ከዚያ 271፣ 96፣ 61፤ ከዚያ 272፣ 97፣ 62። የአንካኒን ሦስት ዕትሞች ለብቻ ያነበበ ሰው አንደኛውን፣ አራተኛውንና ሰባተኛውን ክፍል ነው ያነበበው፤ የታሪኩን መጨረሻ በዚያ መንገድ በፍጹም አያገኘውም፣ መጨረሻው ኤክስ-ፋክተር ውስጥ ነውና። ለእንዲህ ዓይነቱ በየተከታታዩ ከመግዛት ይልቅ በታሪኩ ስም የተጠረዘውን አንድ መጽሐፍ መያዝ ያዋጣል።

ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም። «ፎል ኦፍ ዘ ሚውታንትስ» አንካኒ ከ225 እስከ 227፣ ኒው ሚውታንትስ ከ59 እስከ 61፣ ኤክስ-ፋክተር ከ24 እስከ 26 ነው፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሦስቱ ቡድኖች ጎን ለጎን የየራሳቸውን ታሪክ ይኖራሉ። እዚህ ማፈራረቅ አንባቢን ማንገላታት ነው፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት አድርጎ መጨረስ ይሻላል። በ1986ቱ «ሚውታንት ማሳከር» ደግሞ ቶር 373 እና 374፣ ፓወር ፓክ 27 ሳይቀሩ ይገባሉ፤ «ከሌላ ተከታታይ የገቡ» የምትለው የካርዱ መስመር ዋጋዋ የሚታየው እዚያ ነው።

በሽፋኑ ላይ በታተመው ወር መደርደር ይህን ሁሉ የሚያቃልል ይመስላል። አያቃልልም። የአሜሪካ ኮሚኮች የሽፋን ወር መጽሔቱ ለሽያጭ ከቀረበበት ጊዜ በሁለት በሦስት ወር የዘገየ ነው፤ ርቀቱም ከዘመን ዘመን ይለያያል። ክፍሎቹ ራሳቸው ላይ የታተመው የክፍል ቁጥር ካለ እሱን ማመን ነው።

ዲሲ በኩል አንድ ወጥመድ ብቻ እንጥቀስ፣ እሱ ግን ጥልቅ ነው። በ1980 የጀመረው «ኒው ቲን ታይታንስ» ቁጥር 41 ላይ ስሙን ቀይሮ «ቴልስ ኦፍ ዘ ቲን ታይታንስ» ሆነ። በዚያው በ1984 የቀድሞውን ስም የያዘ አዲስ ተከታታይ በተሻለ ወረቀት ከቁጥር 1 ተጀመረ። ስሙ የተቀየረው ደግሞ ከቁጥር 60 ጀምሮ የአዲሱን ተከታታይ ታሪኮች ዘግይቶ እንደገና ያትም ነበር። ሁለቱንም የሰበሰበ ሰው አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ገዝቷል። «ጁዳስ ኮንትራክት» የሚባለው ታዋቂ ታሪክ ያለው ከዚህ መደራረብ በፊት፣ በቴልስ 42፣ 43፣ 44 እና በዓመታዊው ቁጥር 3 ነው፤ ዓመታዊው ካልተጨመረ መደምደሚያው የለም።

ግዢ ላይ የቀረ አንድ ነገር፦ ኦምኒበሶች ለአንድ ይዘት ሁለት ዓይነት ሽፋን ይዘው ሲወጡ ለእያንዳንዱ ሽፋን የተለየ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ይሰጣል። 13ቱ አሃዞች ተለያዩ ማለት መጽሐፉ ተለየ ማለት አይደለም፤ ከማዘዝ በፊት የዕትም ቁጥሮቹን ማስተያየት የግድ ነው።

ወደዚያ አንባቢ እንመለስ። ሁለተኛው ኦምኒበስ በዚያ ጊዜ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ኦምኒበስ ቶሎ ያልቃል፣ እስኪታተም መጠበቅ ነው። ሠራተኛዋ ካርዷን አይታ የኤፒኩን ቁጥር 7 አዘዘች፤ ከ129 እስከ 143 የያዘውን። በሦስት ዕትም ይደራረባል፤ ክፍተት ግን አይተውም። መጽሐፉ ሲደርስ ዕትም 132 የሚጀምርበት ገጽ ላይ ብጣሽ ወረቀት ሰካችበትና «ከዚህ ጀምር» ብላ ጻፈች። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሦስተኛ የመጣው ቁጥር 2 ደግሞ ከ1963 መጀመር ለሚፈልግ ተብሎ ከኤፒኩ ቁጥር 1 አጠገብ ተቀመጠ።