ቅንድብ አይቶ ሰውን መፈረጅ

ደሴ ፒያሳ ላይ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሽቶ ተቀብቶ የሚያልፍን ወጣት «ይሄማ ከራሱ ሌላ ማንንም አይወድ» ማለት ይቀናናል። መልክ ስለ ናርሲሲዝም፣ ማለትም ራስን ከልክ በላይ ስለማግነንና ስለማድነቅ፣ የሚናገረው ነገር አለ፤ ግን ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን በአብዛኛው ከዝግጅቱ የሚመጣ ነው።

«ናርሲሲስት በቅንድቡ ይለያል» የሚባለው ወሬ መነሻ አለው። ሚራንዳ ጃኮሚን እና ኒኮላስ ሩል ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎች የማያውቁትን ፊት በፎቶ ብቻ አይተው የባለቤቱን ናርሲሲዝም በተወሰነ ደረጃ ለይተዋል። ፍንጩ ወፈር ብሎ ጎልቶ የሚታይ ቅንድብ ነበር፤ የአንዱን ቅንድብ ወደ ሌላው ፊት ሲያዛውሩት ግምቱም አብሮ ተዛወረ። ይህ ግን የብዙ ፊቶች አማካይ ነው። ቅንድብን ዘርም ያወፍረዋል፣ ኩልም ያጎላዋል፣ ቀንዳቢዋም ትቀርጸዋለች። በአንድ ሰው ላይ ለመፍረድ አይበቃም።

ይበልጥ የሚያስተምረው የኒኮላስ ሆልትስማን እና የማይክል ስትሩብ ሙከራ ነው። ተማሪዎችን እንደመጡ ፎቶ አነሷቸው። ቀጥሎ ተራ ልብስ አልብሰው፣ ሜካፕ አስጠርገው፣ ረጅም ጸጉር ወደ ኋላ አስይዘው ደገሙት። ናርሲሲዝምና መሰል ባሕርያት የጎሉባቸው ሰዎች ተዘጋጅተው ሲታዩ ይበልጥ ያምራሉ፤ ዝግጅቱ ሲነሳ ብልጫቸውም ይነሳል።

ወሎ ላይ ታዲያ ይህም ፍንጭ ይደበዝዛል። ለጁምዓ፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ለመውረድ እንኳ አምሮ መውጣት ሰውን ማክበር ነው። ሹሩባ ተሠርታ ኩል የተኳለች ሴት ወጓን ነው የጠበቀችው። ሁሉም በሚዘጋጅበት አገር ዝግጅት የአንዱን ጠባይ ነጥሎ አያሳይም።

ጊዜ ግን ያሳያል። ዴልሮይ ፖልሁስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ በየሳምንቱ በቡድን የሚገናኙ ተማሪዎች ራሳቸውን የሚያገንኑትን ጓደኞቻቸውን መጀመሪያ ወደዷቸው፤ በ7ኛው ስብሰባ ግን ፊታቸውን አዞሩባቸው።

ስለዚህ ለትዳርም ለንግድ ሽርክናም ሰው የምታጣሩ ሁለት ወር አትቸኩሉ። እምቢ ሲባል ምን ይሆናል? ሰው ፊት ሲታረምስ? ቡና ላይ ሌላው ሐዘኑን ሲያወራ ጨዋታውን ወደ ራሱ ይጎትታል? ይቅርታው «አንተ ስላናደድከኝ ነው» የሚል ነው? አንድ ቀን ማንም ይከፋዋል፤ የሚቆጠረው የሚደጋገመው ነው። የተደጋገመውም ቢሆን በሽታ ለማለት አያበቃም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከ9 መስፈርቶች ቢያንስ 5 ይጠይቃል፣ ከ9ኙ አንዱም መልክ አይደለም፤ ምርመራውም የባለሙያ ነው።

ሽማግሌ ስትልኩ ደግሞ አለቃውንና ጓደኛውን ብቻ አትጠይቁ፤ ለእነሱ ማማር ያውቅበታል። ታናሽ እህቱን፣ ተቀጣሪውን፣ ሽርክናውን የተወውን ሰው ጠይቁ።