ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ በየትኛው ሰዓት ምን ይበላል?

ከአራት ኪሎ የድል ሐውልት ተነስቶ በአምስት ኪሎ አድርጎ ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት የሚደርሰው መንገድ ዳገት ቢሆንም በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ደንበኛው ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛውና የታክሲው ሰው ስለሆነ ምግብ ቤቶቹ የሚኖሩት በርካሽና በቶሎ በማብላት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የአራት ኪሎን ፊት ስለለወጠው፣ ትንንሾቹን ቤቶች አስፋልት ዳር ከመፈለግ ወደ ውስጥ በሚገቡት ቅያሶች መታጠፍ ይሻላል።

«የቱ ቤት ይጣፍጣል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። ትንሽ ቤት አጥርቶ የሚሠራው አንድ ወይም ሁለት ምግብ ነው፤ ለሱም ሰዓት አለው። ግድግዳው ላይ ሃያ ዓይነት ምግብ ተጽፎ ብታዩም እንዳለ አትቁጠሩት። የምታስተናግደዋን «እናቴ፣ አሁን ምን ደርሷል?» በሏት። የምትጠራቸው ሁለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ከነሱ አንዱን እዘዙ።

ጠዋት ከ12፡30 እስከ 3፡00 የፉል ነው። ባቄላው ተዘፍዝፎ፣ በዝግታ እሳት ለሰዓታት ሲንተከተክ ቆይቶ ነው የሚፈጨው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የሚያገኙት ወፍራሙን ነው። ረፋድ ላይ ድስቱ ሲጎድል በውሃ ማርዘም የተለመደ ነው። ሳህኑ ዳር ላይ ውሃው ለብቻው ካቆረ ይኸው ደርሷችኋል ማለት ነው። ገለባው ጥርስ ላይ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ወይ ሳይዘፈዘፍ ተጥዷል፣ ወይ ባቄላው ያረጀ ነው፤ ያረጀ ባቄላ ምንም ቢቆይ በደንብ አይበስልም። አዲስ ቤት ስትሞክሩ «ስፔሻል» አትዘዙ። እንቁላሉ፣ እርጎውና አቮካዶው ከላይ ሲደረደር የፉሉን ጉድ ይሸፍናል። ኖርማሉን ቀምሳችሁ ከወደዳችሁት በሚቀጥለው ታሳድጋላችሁ።

ፍርፍር የቤቱን ሁለት ነገር በአንድ ሳህን ያሳያል፤ እንጀራውንና ቁሌቱን። እንጀራው መግባት ያለበት መጨረሻ ላይ፣ ሊቀርብ ሲል ነው። ተፈርፍሮ የቆየ ከሆነ ይላቁጣል፤ ማንኪያ ብታነሱ አብሮ ይነሳል። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ነጣ ብሎ ያምራል፣ ግን ቶሎ ይደርቅና ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ ትንንሽ ቤቶች እንጀራውን ከጋጋሪ ስለሚረከቡ ከሰዓት በኋላ ዳር ዳሩ መድረቁ አይቀርም። ያኔ ፍርፍሩ ከወጡ ይሻላል።

ዱለት የሚበላው ጠዋት ነው፤ ጨጓራውም ጉበቱም ውሎ የሚያድር ነገር አይደለም። ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። በማታውቁት ቤት የበሰለውን እዘዙ፤ ለብለቡ የኮሶውን ነገር አያስቀርም።

በያይነት የዚህ መንገድ ዋናው ምሳ ነው፤ ምርጡ ቀን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ። ምክንያቱ ጾሙ ራሱ አይደለም፤ በጾም ቀን ድስቱ ብዙ ይሠራል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ የትናንት ወጥ የመድረሱ ዕድል ጠባብ ነው። ማክሰኞ በያይነት ያዘዘ ሰው ሰኞ የተሠራ ክክ ቢደርሰው አይግረመው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ነገሩ ይገለበጣል፤ በነዚያ ሳምንታት በያይነቱን ትታችሁ ወደ ቅቅሉና ጥብሱ ሂዱ።

ሰዓቱም ይለያያል። በተራው የጾም ቀን ከ6፡00 እስከ 7፡00 መግባት ነው። ከ8፡00 በኋላ ምስሩና ሽሮው ያልቅና ትሪው በቀይ ሥር፣ በድንችና በጥቅል ጎመን ይሞላል፤ ቀለሙ ያምራል፣ ዋጋው ያው ነው፣ ሆድ ግን አይሞላም። በሑዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ጿሚ ስለሚበዛ ሁለተኛ ድስት የሚጥዱ ቤቶች አሉ፤ 9፡00 ላይ የገባ ትኩስ ያገኛል። ምስሩን መጀመሪያ ቅመሱ። ሽንኩርቱ ቅርጹን እንደያዘ ከታየ፣ ወጡም እንጀራው ላይ ውሃ ከለቀቀ፣ ቁሌቱ ተቻኩሏል። ያልበሰለ በርበሬ አፍ ላይ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ በኋላም ቃር ያመጣል። ለሁለት አንድ ማዘዝ ነውር የለውም፤ ጭማሪ እንጀራ ይከፈልበት እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማታ ተጋቢኖ ነው፤ በሸክላው እየተንተከተከ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ይረሳል። ያዘዛችሁት በአምስት ደቂቃ ቢመጣ ጥፋት አይደለም፣ ተሠርቶ የቆየውን በሸክላ አሙቀውት ይሆናል። ጥፋቱ ዱቄት ዱቄት ሲል ነው፤ ሰው ሲበዛባቸው ሽሮውን የፈላ ውሃ ላይ በትነው ሳይበስል ያወጡታል። በደንብ የበሰለ ሽሮ ዘይቱን ወደ ላይ ያወጣል፣ ድምፁም ወፈር ያለ «ጵጵ» ነው። ጾም ከያዛችሁ ቅቤ እንዳይገባ ስታዙ ተናገሩ፤ አንዳንድ ቤት ካልተነገረው በፍስክ ቀን በቅቤ ነው የሚሠራው። ከመሃል አትጀምሩ፣ ሸክላው እሳቱን ስለሚይዝ ምላስ ይልጣል፤ ከዳር እያሉ መግባት ነው።

ቡናውን እዚያው ከመጠጣት በረንዳ ላይ ጀበና ወዳስቀመጠችው መሄድ ይሻላል፣ ግን «አሁን የተጣደ ነው?» በሏት። አተላው ላይ ውሃ እየተጨመረ ደጋግሞ የፈላ ቡና ይመራል እንጂ አይጠነክርም። ጤና አዳም የምትጠይቁት ከቀመሳችሁ በኋላ ይሁን፤ ሽታው የከረመውን ቡና ይደብቃል። ሒሳቡን በቴሌብር ለመክፈል ካሰባችሁም ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ምሽት ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ደጅ ቆሞ ማረጋገጫ መልእክት መጠበቅ አለ፣ ትንሽ ጥሬ ብር ኪስ ውስጥ ይኑር።