የድምጽ መልእክትና አራተኛው ጥያቄ

አዲስ ቴክኖሎጂ በመጣ ቁጥር ክርክራችን «ይጠቅማል» እና «ይጎዳል» ላይ ተቸክሎ ይቀራል። እኔ የካናዳዊው ምሁር የማርሻል ማክሉሃን አራት ጥያቄዎች የተሻለ መንገድ ያሳያሉ ባይ ነኝ። እሱ ካረፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ልጁ ኤሪክ አብረው የጀመሩትን ጨርሶ በመጽሐፍ አወጣቸው። አዲሱ ነገር ምንን ያጎላል? ምንን ከጨዋታ ያስወጣል? የቀረ የመሰለንን ምን ይመልሳል? እስከ ጥግ ሲገፋስ ወደ ምን ይገለበጣል?

የድምጽ መልእክትን እንውሰድ። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ያለቻትን እናት አስቡ። ፊደል አልቆጠረችም። ስልኩን አፏ ጋ አስጠግታ፣ አውራ ጣቷን ከማይክሮፎኗ ምልክት ላይ ሳታነሳ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ ታደርሳለች፤ ከኋላ ዶሮ ይጮሃል፣ ልጅቷ እዚያ ሆና ዶሮውንም ትሰማዋለች። የጎላው ይሄ ነው። ከጨዋታ የወጣው ደብዳቤ የሚጽፍላትና የሚያነብላት የሰፈር ተማሪ ነው፤ እሱ ሲወጣ የእናትና የልጅ ሚስጥር የራሳቸው ሆነ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የተመለሰው ደግሞ ድምጽ ቀድቶ በሰው እጅ የሚላክበት የካሴት ዘመን ነው።

አራተኛው ግን ያሳስበኛል። ድምጽን ያመንነው የሚኮረጅ ስላልመሰለን ነበር። ዛሬ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከአጭር ቅጂ ተነስቶ የሰውን ድምጽ አስመስሎ ይሠራል፣ እኛ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ድምጻችንን በየስልኩ ስናጠራቅም ኖረናል። በሊቢያ መንገድ ስደተኛን አግተው ለቅሶውን ለቤተሰቡ በስልክ እያሰሙ ገንዘብ የሚጠይቁ ደላሎች እንዳሉ እናውቃለን። ነገ ያን ለቅሶ ለማሰማት ልጅቷን መያዝ ላያስፈልግ ይችላል። «ድምጿን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» የሚለው ማረጋገጫ ማጥመጃ ይሆናል ማለት ነው፤ በጣም የሚጎዱትም ይህ መሣሪያ በጣም የጠቀማቸው፣ ማንበብ የማይችሉት ናቸው።

ስለዚህ ዘመድ ውጭ ያላችሁ ሁሉ፣ አንድ የቤተሰብ ጥያቄ ዛሬውኑ ተስማሙ። ገንዘብ የሚጠይቅ ድምጽ ሲመጣ መጀመሪያ ዝጉት፣ በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ፣ ከዚያ ጠይቁ። ጥያቄው ፌስቡክ ላይ መልሱ የማይገኝ ይሁን፤ ለምሳሌ ልጅ እያለን የሸጥናት ላም ስሟ ማን ነበር?