ሃይ ፍሎው መማር፦ ስድስተኛ ሳምንት

ባለፈው የጻፍኩላችሁ ስለ ሃይ ፍሎው ማሽን አገጣጠም ነበር፤ ኦክስጅን የተቀላቀለበት ሞቅ ያለ እርጥብ አየር በአፍንጫ በብዛት የሚሰጥ ማሽን ነው። ቱቦው፣ ውሃው፣ ማሞቂያው። ያንን አሁን እጄ ለምዶታል። ዛሬ የማወራችሁ ከተገጠመ በኋላ ስላለው የመጀመሪያ ሰዓት ነው።

የማታ ተረኛ ነበርኩ። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አስም ተነስቶበት መጣ። ክብደቱ 20 ኪሎ። አንድ ቃል ይልና ለትንፋሽ ያቆማል። የጎድኑ መሃል በየትንፋሹ ይሰረጉዳል። የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል በስፔሰር (ፓፉ፣ ማለት መድኃኒቱን የሚረጨው ቆርቆሮ፣ የሚገጠምበት የመተንፈሻ ዕቃ) በየ20 ደቂቃው ሰጠነው፤ የቧንቧውን እብጠት የሚቀንሰውን ፕሬድኒሶሎን ዋጠ፤ ማግኒዥየም ሰልፌትም በደም ሥር ገባለት። (ስፔሰር ላጣችሁ፦ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ከሚሸጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ፓፉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያው በደንብ መታሸግ አለበት።)

ያም ሆኖ ልጁ አልተሻለውም። ሐኪሙ ሃይ ፍሎው እንድንጀምር አዘዘ።

ስሌቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎዎች በኪሎ 2 ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው በኪሎ ግማሽ ሊትር። ስለዚህ 20 ሲደመር 5፣ በደቂቃ 25 ሊትር። ካኑላው፣ ማለት አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ ግማሽ በላይ እንዳይሞላ አየሁ። ኦክስጅኑን 40 በመቶ ላይ አደረግነው። ማሽናችን የክፍሉን አየር ራሱ ስለሚስብ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ንጹሕ ኦክስጅን በደቂቃ 6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። 6000 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ከ16 ሰዓት በላይ ይቆያል። 100 በመቶ ብናደርገው ግን በ4 ሰዓት ያልቃል። እባካችሁ ሌሊት ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አስሉ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላሰላ ቀርቼ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሊንደር ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር ሮጫለሁ።

ከ30 ደቂቃ በኋላ ልጁ ረጋ አለ። በደቂቃ 52 ጊዜ ይተነፍስ የነበረው 34 ሆነ። በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳየው ሞኒተር 95 በመቶ ይላል። እናቱ «ተመስገን ሲስተር፣ ተኛልኝ» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሌላው አልጋ ሄድኩ።

ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራች ነርስ ስታልፍ አይታው ቆመች። «ደረቱን ሰምተሽዋል?» አለችኝ። አልሰማሁም ነበር። ስቴቶስኮፑን ሳሳርፍ ቅድም ከሩቅ ይሰማ የነበረው ሲር ሲር የለም። አየር ሲገባም እምብዛም አይሰማም። ስሙን ስጠራው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድናል። ልጁ ተሽሎት አልነበረም የተኛው፤ ደክሞ ነው።

ሐኪሙ ሮጦ መጣ። ሳልቡታሞሉን ሳናቋርጥ በኔቡላይዘር (መድኃኒቱን ወደ ጉም በሚቀይር መሣሪያ) እየሰጠን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰድነው።

በማግስቱ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሃይ ፍሎው ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ይሰጣል፣ የትንፋሹን ድካም ይቀንሳል፣ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የቀረውን የተቃጠለ አየር ያጥባል። የጠበበውን ብሮንከስ (የሳንባ አየር ቧንቧ) ግን አይከፍትም። ያ የመድኃኒቱ ሥራ ነው። ኦክስጅን ስለጨመርንለትም ሞኒተሩ 95 እያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ለውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። እኔን ያታለለኝ ይኸው 95 ነው።

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ትልቁ ጥናት 1472 ሕፃናትን ይዟል፤ ሕክምናው ያልሠራላቸው በሃይ ፍሎው 12 በመቶ፣ በተለመደው ኦክስጅን 23 በመቶ ነበሩ። ግን ጥናቱ ብሮንኪዮላይተስ (ጨቅላ ሕፃናትን የሚይዝ፣ በቫይረስ የሚመጣ የትናንሽ አየር ቧንቧዎች ሕመም) ላይ ነው። ለአስም የተሠሩት ትንንሽ ናቸው። እኔ ሁለቱን በአንድ ዓይን አይ ነበር።

አሁን ማሽኑን እንደገጠምኩ ሰዓቱን እጽፋለሁ። በየ15 ደቂቃው ትንፋሹን እቆጥራለሁ፣ ደረቱን እሰማለሁ፣ ስሙን እጠራዋለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ሐኪሙን እቀሰቅሳለሁ፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት የምለማመደው በማሽኑ ውስጥ ሳልቡታሞል መስጠትን ነው። ፍሰቱ በጨመረ ቁጥር ሳንባ የሚደርሰው መድኃኒት ይቀንሳል። እናንተ ጋ ፍሰቱን ዝቅ ታደርጋላችሁ ወይስ በስፔሰር ትሰጣላችሁ?

ልጁ በአምስተኛው ቀን ወጣ። አስሙ እንዳይነሳበት በየቀኑ የሚሳብ ቤክሎሜታዞን ታዘዘለት። ከእናቱ ጋር ስፔሰሩን ሦስት ጊዜ አለማመድኳቸው፤ በሦስተኛው ትንፋሹን ራሱ በጣቱ ይቆጥር ነበር።