ስምንት አውት ቀርቶን ነበር

የቤዝቦል ቡድናችን ማሪነርስ ከወደቀ ወራት አልፈዋል። እኔ ግን ያንን ሰባተኛ ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች ሰባተኛውን) ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የሲያትሉ ማሪነርስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በሜጀር ሊግ ካሉት 30 ቡድኖች መካከል ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ለወርልድ ሲሪስ፣ ደርሶ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። በ2025 ኦክቶበር የአሜሪካን ሊግ ሻምፒዮና ላይ ቶሮንቶ ብሉ ጄይስን ገጠምን። ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ወደ ወርልድ ሲሪስ ያልፋል።

ጓደኞቼ «አንተ ደግሞ ቤዝቦል ምን አገባህ?» ይሉኛል። አገባኝ! እዚህ ታክሲ መንዳት ስጀምር ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። ማታ ማታ ሲታክ ኤርፖርት ተራዬን ስጠብቅ ሬዲዮ እከፍታለሁ። የማሪነርስ ጨዋታ አስተላላፊው የሪክ ሪዝ ድምፅ አብሮኝ ያመሻል። ጨዋታው ስለማይቸኩል ለጆሮ ይመቻል። እንግሊዝኛ ጆሮዬን የከፈተልኝ እሱ ነው። ተሳፋሪውም የማሪነርስ ኮፍያዬን ሲያይ ወሬ ይጀምራል፤ ከዚህ ከተማ ሰው ጋር የተግባባሁት በዚያ ነው።

እህቴ የምትኖረው ቶሮንቶ ነው። ልጇ የብሉ ጄይስ ነገር አይሆንለትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች እዚያው ሜዳቸው ላይ 3 ለ 1 እና 10 ለ 3 ስናሸንፋቸው ልጁ ስልኬን ማንሳት ተወ። እኔም በደስታ እንቅልፍ አጣሁ።

ከዚያ ወደ ሲያትል መጡና 13 ለ 4 ገረፉን። በማግስቱ ደግሞ 8 ለ 2። በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት! አምስተኛው ላይ ግን ዩጄኒዮ ስዋሬዝ በስምንተኛው ኢኒንግ ሦስቱም ቤዝ (ሯጮች የሚቆሙበት ማረፊያ) በእኛ ሯጮች ሞልቶ ሳለ ሆም ራን መታ፤ ኳሷን ከአጥር ውጭ ሰደዳትና አራት ነጥብ አገኘን። ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ። 6 ለ 2፤ አንድ ድል ብቻ ቀረን።

ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ሁለት ጊዜ ቤዙን ሞልተን ሁለቱንም ጊዜ በደብል ፕሌይ፣ በአንድ ምት ሁለት ተጫዋች ወጥቶብን፣ ባዶ እጃችንን ወጣን። 6 ለ 2 ተሸነፍን። ይኸው ነው፣ ብዙ ባወራው ያመኛል።

ሰኞ ማታ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ሥራ አልወጣሁም። ልጄ የካል ራሊን 29 ቁጥር ማልያ ለብሳ ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጭ ብላለች። ራሊ በመደበኛው ውድድር 60 ሆም ራን የመታ ሰው ነው፤ ለአንድ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ ለሚቀበል ተጫዋች) ተሰምቶ የማያውቅ ነገር። ያን ዕለትም መታ። ሁሊዮ ሮድሪጌዝም መታ። 3 ለ 1 እየመራን ሰባተኛው ኢኒንግ ገባ። ባለቤቴ እራት አቅርባለች፤ የሚጎርስ የለም።

የቶሮንቶ ሁለት ሯጮች ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ናቸው። አንድ አውት ሆኗል፤ ማለትም አንድ ተጫዋች ወጥቶባቸዋል፣ ሦስት ሲሞላ የመምታት ተራቸው ያበቃል። ወርልድ ሲሪስ ለመግባት ስምንት አውት ብቻ ይቀረናል። አሰልጣኛችን ፒቸሩን፣ ኳስ ወርዋሪውን፣ ቀየረ። ምርጡን ፒቸራችንን አንድሬስ ሙኞዝን ያመጣል ብዬ ስጠብቅ ኤድዋርድ ባዛርዶን አስገባ። ባዛርዶ ዓመቱን ሙሉ በርትቶ የሠራ ልጅ ነው፣ እሱን አልወቅስም። ግን እንዲህ ላለው ሰዓት አይደል እንዴ ምርጡ ፒቸር የሚቀመጠው? ነገ ለማን ነው የምትቆጥበው? የቶሮንቶው ጆርጅ ስፕሪንገር ኳሷን በግራ በኩል አጥሩን አሻግሮ መታት፤ ሁለቱ ሯጮችና እሱ ገቡ። ኳሷ ገና ከዱላው ስትነሳ ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። 4 ለ 3።

ቀሪውን ቆሜ አየሁት። ሁሊዮ ኳሷን ስቶ በስትራይክ ሲወጣ አለቀ።

ስልኬ ጮኸ፣ የእህቴ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ አይዞህ» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልፎከረብኝም። እኔ ግን አፌን ሞልቼ «እንኳን ደስ አላችሁ» ማለት አቃተኝ።

ብሉ ጄይስ ደግሞ በወርልድ ሲሪስ ሰባተኛው ጨዋታ፣ በ11ኛው ኢኒንግ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 5 ለ 4 ተሸነፉ። ወዲያው ደወልኩለት። ድምፁ ተዘግቷል፤ ሲያለቅስ ነበር። «አይዞህ የኔ ልጅ» አልኩት። ትንሽ ቆየና «አጎቴ፣ እናንተ ብታልፉ ዶጀርስን ታሸንፉ ነበር?» አለኝ። «ሙኞዝ በሰዓቱ ቢገባ ኖሮ እናያት ነበር» አልኩት። «ስፕሪንገር እኮ ሙኞዝንም ይመታው ነበር» ሲለኝ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሳ፤ እህቴ «መሽቷል፣ ይተኛበት» ብላ ስልኩን እስክትቀማው ድረስ አልተላቀቅንም።